እግሩን እስኪያወርድ፣ ጀንፈሉ እስኪደርቅ

«አጋሮ አይሄድም።»

አያቴ ይህን ያሉት ባለፈው ዓርብ፣ ከጁምዓ ሰላት ተመልሰው ጫማቸውን በረንዳው ላይ እያወለቁ ነው። ፊታቸውን እንኳ ወደ እኔ አላዞሩም። ሁለት ቃል ብቻ! እኔ ግን ስለቅመው የነበረውን ምስር ከነሰፌዱ ለቀቅኩት። ምስሩ በረንዳውን ሞላው፣ አክስቴ ከማጀት «ምን ሆንሽ፣ ጂኒ ያዘሽ እንዴ?» ብላ ጮኸች፣ እኔም እየጮህኩ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ ደስታው እስካሁን እግሬ ሥር ይነዝረኛል። ጣቴ ላይም ደርሷል መሰለኝ። አንድ ገጽ ድርሰት ለመሙላት ፊደሏን ታሰፋ የነበረች ልጅ ዛሬ ገጹ እያነሳት ነው የምትጽፈው።

ወደ አጋሮ የማይሄደው ውሻችን ነው።

ቤታችን ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ነው። ከጓሮ ያሉንን ሦስት ክፍሎች ከየአገሩ ለሚመጡ ተማሪዎች እናከራያለን። ውሻውን በጫማ ካርቶን አድርገው ያመጡት ከእነዚህ ተማሪዎች ሁለቱ ናቸው። ሲመረቁ ፍራሻቸውንም ብረት ድስታቸውንም ይዘው ሄዱ፤ ውሻውን ተዉልን። ያን ጊዜ ራሱ ቁና ያክል ነበር፣ ቁመቱ ወገቤ ጋ። ተማሪዎቹ ያወጡለት የፈረንጅ ስም ነበረው፤ አክስቴ ያንን ስም አፏ ውስጥ ማስገባት ስላልፈለገች «ያ» ትለው ጀመር። «ያ በላ?» «ያን ከበሩ አንሱልኝ!» ቀስ በቀስ ሁላችንም «ያ» አልነው። እሱም ሲጠሩት ይመጣ ነበር። ምን ያድርግ።

ከስሙ ሌላ ተማሪዎቹ የተዉለት አንድ ትምህርት አለ፤ ሰላምታ። እዚህ አገር ትልልቅ ሰዎች ሲገናኙ አንዱ የሌላውን እጅ ይስማል። ተማሪዎቹ ይህን ሲያዩ ቀልድ መጣላቸውና ሰው በገባ ቁጥር የፊት እግሩን እንዲዘረጋ አስለመዱት። ቡችላ ሳለ ያምር ነበር አሉ። አድጎ ግን እግሩ እንደ ሰው መዳፍ ሲሰፋ፣ ሰላምታው ጉልበት ላይ፣ ጀርባ ላይ፣ ደረት ላይ ሆነ። ካላናገርከው ይጭንብሃል። ዝም ካልከው ይቧጥጥሃል። ቁጭ ብለህ ስልክህን የምታይ ከሆነማ ስልኩ መሬት ነው።

ሌላ ቤት ቢሆን ልብስ አራግፎ ማለፍ ነው። እኛ ቤት ግን ነጃሳ የሚባል ነገር አለ። አያቴን አካኮ ነው የምንላቸው። አካኮ በተማሩት መሠረት፣ የውሻ እርጥበት የነካው ልብስም ገላም ሰባት ጊዜ በውሃ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር። ያለዚያ ሰላት የለም። ደረቅ በደረቅ ቢነካካ ችግር የለውም። እስቲ ጅማ ላይ ደረቅ እግር ያለው ውሻ አምጡልኝ! ያ ደግሞ የሚውለው ቧንቧው ሥር ጭቃ ላይ ተኝቶ ነው። ስለዚህ አካኮ ለቀትሩ የዙህር ሰላት ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው ሲነሱ ያ ይመጣል፣ እግሩን ጉልበታቸው ላይ ያሳርፋል፣ አካኮ «ያ ረቢ!» ይላሉ፣ እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ እሮጣለሁ፣ ሰባት ጊዜ። ከሰዓት በኋላ ላለው ለአስር ሰላትም እንደዚያው። ይህ ለዓመት ያህል የቤታችን ሥራ ነበር።

ከዚያ የዛሬ ወር ገደማ፣ በአንድ ዝናባማ ዓርብ፣ አካኮ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው የበረንዳውን ደረጃ ሲወርዱ ያ ሁለቱንም እግሩን ደረታቸው ላይ ጫነ። ወደቁ። የወደቁት በቀኝ እጃቸው ላይ ነው። አካኮ በርጩማ ጠራቢ ናቸው፤ ከአንድ ግንድ ሦስት እግር የሚያወጡት በዚያ እጅ ነው። ወጌሻው አሽቶ፣ በሸንበቆ አስሮ «ሁለት ሳምንት እንዳይነካ» አለ። ጀለቢያው ላይ ሁለት የጭቃ መዳፍ ታትሞ ነበር፣ ልክ ሰው ማህተም እንዳደረገበት። አካኮ ያን ቀን ጁምዓ ቀረባቸው። እኔ እስከማውቀው ቀርቶባቸው አያውቅም።

አክስቴ — የአባቴ እህት ናት፣ አዳዳ እንላታለን — ጊዜ አላጠፋችም። አጋሮ የቡና መጋዘን ላለው ታላቅ ወንድሟ ደወለች፣ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍታ።

«ምን ያክላል?» አለ አጎቴ።

«ጥጃ ነው በለው። አእምሮውም የጥጃ ነው።»

«ጥሩ። ጀንፈሉ ሲደርቅ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ጀንፈሉንም ውሻውንም በአንድ እጭናለሁ።»

ጀንፈል ከነልጣጩ የሚደርቅ ቡና ነው። ከከተማ ወጣ ብላ ካለች ትንሽ ማሳችን የተለቀመው፣ ግቢያችን ውስጥ በአራት የሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ፀሐይ ካገዘ ሦስት ሳምንት። በቃ፣ የውሻው ዕድሜ በቡና መድረቂያ ተለካ።

የአጋሮውን መጋዘን አይቼዋለሁ። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ በሩ ላይ የታሰረ ውሻ ነበር። ሰንሰለቱ ተኝቶ ለመዘርጋት እንኳ አይበቃውም። የአንገቱ ሽቦ ቡችላ ሳለ የገባለት ስለሆነ ሥጋው ሽቦውን ውጦት ነበር፣ እንደ ዛፍ። አጎቴ በየጠዋቱ አምስት ጠጠር እንደሚወረወርበት እየሳቀ ነገረኝ። «ሰው እንዳይወድ» አለ። «ሰው የሚወድ ውሻ ለሌባ በር ይከፍታል።» እኔም እንድወረውር አንድ ጠጠር ሰጠኝ። ወረወርኩ። እንግዳ ነበርኩ፣ አፈርኩ፣ ወረወርኩ።

እና ያን ዓርብ አካኮ እግር ሥር ተደፍቼ አለቀስኩ። አካኮ የታሰረ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አስተካከሉ።

«ጀንፈሉ እስኪደርቅ ጊዜ አለሽ» አሉ። «እስከዚያ ማንም ላይ እግሩን ማንሳት ከተወ ይቀራል። ካልተወ ይሄዳል። ጨረስኩ።»

አዳዳ ከት ብላ ሳቀች። «ይኼ ደንቆሮ እግሩን ሲተው እኔ ሁለተኛ ባል አገባለሁ!»

መጀመሪያ ያደረግነውን ሁሉ ልንገራችሁ፤ ማስዋብ አልፈልግም።

አዳዳ ሚጥሚጣ በውሃ ለውሳ እጅጌዋን ቀባች። ያ እንደ ልማዱ እግሩን ክንዷ ላይ አሳረፈ፣ ከዚያ በዚያው እግሩ ዓይኑን አሸ። ሁለቱም ዓይኖቹ አብጠው ተዘጉ። ግድግዳውን እየተደገፈ፣ በአፍንጫው እየፈለገ መጣና እግሩን መልሶ የአዳዳ ጉልበት ላይ አደረገው። «አያችሁት? አላልኳችሁም?» እያለች አዳዳ እስኪያስነጥሳት ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። በደንብ ነው የሳቅኩት።

ተከራያችን፣ ከጎጃም የመጣች የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ የራሷ ዘዴ ነበራት። «በኛ አገር ሲነሳ ጠብቀው የኋላ ጣቱን ነው የሚረግጡት። አንዴ ብቻ፣ ጫን አድርገሽ።» የትምህርት ቤት ጫማዬን አድርጌ ጠበቅኩት። ተነሳ፣ ረገጥኩ። ድምፁ የሕፃን ነው። ዘሎ ሄዶ ማዶ ተኛና ጣቱን ላሰ። ትንሽ ቆይቶ እያነከሰ መጣ፣ ፊቴ ቁጭ አለ፣ የፊት እግሩን ዘረጋልኝ። ይቅርታ መጠየቁ ነበር። ሁለተኛ ረገጥኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም ልል ነበር፤ አውቃለሁ። ይቅርታ ጠያቂው እሱ መሆኑ ስላናደደኝ ነው።

አራት ቀን እንዲህ አለፈ። ያ አልተወም፤ እንዲያውም ባሰበት። ጀንፈሉ ከቀይ ወደ ቡኒ መለወጥ ጀመረ።

ያኔ ነው ደብተር ያወጣሁት። ሌላ ብልሃት አልነበረኝም። ቀኑን ሙሉ ባዶ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ ያ እግሩን ሲያነሳ ማን ላይ እንዳነሳ፣ ሰውየው ምን እንዳደረገ፣ ያ ከዚያ በኋላ ምን እንዳገኘ ጻፍኩ። በነጋታው ምሳ ላይ አነበብኩላቸው።

«አዳዳ፦ ጮኸች፣ ሻሿን ወረወረች፣ በመጥረጊያ እስከ በሩ አሳደደችው። ያ ጭራውን እየቆላ ሮጠ። ሻሹን ይዞ ተመለሰ፣ እንደገና አሳደደችው።»

«እንዴ! ስሜ በውሻ ደብተር!»

«ተከራይ፦ ‹ወግድ! ወግድልኝ ስልህ!› አለችው፣ ሦስት ጊዜ። በሦስቱም ጆሮው ቆመ።»

ተከራይዋ በሳቅ ትን አላት። እናቴ ከሱቅ ለምሳ መጥታ ስለነበር «የኔስ የለም?» አለች። የእሷም ነበረ። ከዚያ ወደ አካኮ ደረስኩ፤ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«አካኮ፦ ‹ያ ረቢ› አሉ። ተነስተው ወደ ቧንቧው ሄዱ። ያ ተከተላቸው። ማንቆርቆሪያ አመጣሁ፣ በርጩማ ቀረበላቸው። መጀመሪያ በቀይ አፈር፣ ከዚያ ስድስት ጊዜ በውሃ። አካኮ ከመጀመሪያው እስከ ሰባተኛው ሲያናግሩት ነበር። ‹አንተ ከንቱ፣ ምን በደልኩህ፣ ማል ጎና፣ ምን ይሻለናል?› ያ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አንገቱን አዘንብሎ ሰማቸው፣ ከሚፈሰው ውሃ ጠጣ። በቀኑ ውስጥ ከዚህ በላይ ያነጋገረው ሰው የለም።»

ሁሉም የአካኮን እጅ አየ። እሳቸው እንጀራውን ይዘው ቀሩ።

ቀድማ የተናገረችው አዳዳ ናት። «አባ፣ ለካ ደርስ እየሰጡት ነው! በቀን ሁለቴ! እኛን ቁርዓን ሲያስቀሩን እንኳ እንዲህ አልታገሡም!»

ሁሉም ሳቀ። አካኮ አልሳቁም። «እንደገና አንብቢ» አሉኝ፤ «የእኔን።» አነበብኩ። በሕይወቴ የጻፍኩትን ድገሚ ያለኝ ሰው የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው።

«ታዲያ አልታጠብ?»

«ይታጠቡ እንጂ አካኮ። ግን ውስጥ፣ በር ዘግተው። ዝም ብለው።»

«ዝም ብዬ?»

«ዝም ብለው።»

በማግሥቱ ሕግ ወጣ፤ ሕግ አውጪዋ እኔ ነኝ። ያ እግሩን ሲያነሳ ጀርባ ይሰጠዋል። እጅ ይታጠፋል፣ ዓይን ሰማይ ያያል። «ሂድ» እንኳ አይባልም። የተናገረ ሰው የዚያን ቀን ድስት በሙሉ በአመድ ያጥባል። ከበር ለሚገባ እንግዳ ሁሉ እኔ ቀድሜ «ጀርባ!» ብዬ እጮሃለሁ፤ ወተት የምታመጣው ሴትዮ ሳይቀር በድንጋጤ ትዞራለች። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አንድ ሙሉ ቤት ሲታዘዘኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ ይል ነበር። በጣም ደስ ይል ነበር።

ያ መጀመሪያ አላመነም። እግሩን አነሳ፣ ጀርባ። ዞሮ ከፊት መጣ፣ እንደገና ጀርባ። ሦስተኛው ቀን ላይ አበደ። የእናቴን ክንድ ቧጨረ። እኔን ከኋላዬ ገፍቶ ጭቃ ላይ ደፋኝ፤ ፊቴን ጭቃ ውስጥ እንዳደረግኩ ዝም አልኩ። አዳዳ የጎረቤት ሠርግ ልትሄድ አዲስ ጥቁር ዓባያዋን ለብሳ ስትወጣ ያ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ተረተረው። አዳዳ አልጮኸችም! እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብላ፣ ሰማይ እያየች፣ በጥርሷ መሃል «ሱብሃነላህ፣ ሱብሃነላህ» ትላለች፣ ዓባያው ከኋላ ይንዘላዘላል። ያ ሲደክመው ሄደ። ከዚያ ዞራ፣ «አንቺን ግን ሰባት ጊዜ በአፈር ነው የማጥብሽ» አለችኝ፤ አላጠበችኝም። ሳታስበው እሷም መሸነፍ አልፈለገችም።

ከዚያ ወዲያ ያ ሐሳቡን ለወጠ። ስጦታ ማምጣት ጀመረ። የተከራይዋን ነጠላ ጫማ አመጣና ተረከዜ ሥር አስቀመጠ። የበቆሎ ቆረቆንዳ ለአዳዳ። በመጨረሻ የሚበላበትን የራሱን ሳህን በጥርሱ ይዞ፣ እያቃጨለ፣ ከሰው ወደ ሰው ዞረ። የሁሉንም ተረከዝ ዳሰሰ። ተሻገርነው። እኔም ተሻገርኩት። ማታ ቅጠል በልታ እንዳመማት ፍየል ሲያቃስት ይሰማል፤ አካኮ ውስጥ በር ዘግተው፣ ዝም ብለው ይታጠባሉ፤ የማንቆርቆሪያው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ያ በሩ ሥር ተኝቶ ይህን ያዳምጣል።

ሕጉ በወጣ በዐሥራ አንደኛው ቀን እግሩን አላነሳም። በዐሥራ ሁለተኛውም። ደብተሬ ላይ «አላነሳም» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። ጸጥ ብሎ ሲቀመጥም አላናገርኩትም፤ ባናግረው ይበላሻል ብዬ ፈራሁ። ምግቡን አስቀምጬ እሄድ ነበር።

የቀረው ፀሐይ ነው። ሌላው ሰው ሰማዩ ሲጠራ «አልሐምዱሊላህ፣ ለጀንፈሉ ጥሩ ነው» ይላል፤ እኔ ደመና እፈልጋለሁ። ዝናብ ቢመጣ ጀንፈሉ ይዘገያል፣ ግን ያ ይረጥባል፤ የረጠበ እግር ቢነሳ ደግሞ ሁሉም ነገር ያከትማል። የትኛውን ልለምን? አንድ ከሰዓት ደመና ሲመጣ ላስቲክ የማልበስ ተራው የእኔ ነበር። ሦስቱን አልጋ ቶሎ ሸፈንኩ፤ አራተኛውን ያላየሁት መስዬ አለፍኩት። ሁለት ቀን አተረፍኩ። ይህን እስካሁን ከአካኮ በቀር ለማንም አልተናገርኩም፤ አዳዳ ይኼን የምታነቢ ከሆነ፣ የማጠብ ዕዳሽን አሁን ማውጣት ትችያለሽ።

ሐሙስ ዕለት አጎቴ መጣ። ከመኪናው ወርዶ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ አንድ እፍኝ ጀንፈል አነሳና ጆሮው ሥር ነቀነቀው። ቅጭል ቅጭል አለ። ደርቋል። አብረውት የመጡት ወዛደሮች ጆንያ መሙላት ጀመሩ። አጎቴ ሱሪውን ሰብስቦ የአካኮ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«እስቲ፣ ይኼ የተማሪ ውሻ የት አለ?»

ያ ከቧንቧው ሥር መጥቶ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። አጎቴ ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። አፏጨ። «ና! ሰላም አትለኝም? ኮቱ፣ ኮቱ!» እጁን ዘረጋለት። ከኪሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጉበት አወጣና አፍንጫው ላይ አወዛወዘው። ገባችሁ? እግሩን እንዲያነሳ ነው የሚፈልገው፤ ካነሳ ይወስደዋላ። እኛ ሁላችንም ጀርባችንን ሰጥተን ቆመናል። እኔ በትከሻዬ እያጮለቅኩ ነው። የያ ቆዳ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ምራቁ ይንጠባጠባል። ቀኝ የፊት እግሩ ከመሬት ሁለት ጣት ያህል ተነሳ።

በልቤ መቁጠር ጀመርኩ፤ አንድ፣ ሁለት።

መልሶ አስቀመጠው። ቀስ ብሎ፣ እንደ ብርጭቆ።

ልጮህ ነበር በደስታ። ያኔ አጎቴ ጭኑን በሳቅ መታ። «አላህ! ይኼማ የተገኘ ነው! ለሰው የማይቀርብ፣ ለጉበት የማይታለል! ለዚህ ጠጠርም አያስፈልግም። ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሠራልኝ?»

ሁሉም እኔን አየኝ።

«አንቺ ነሽ? ጎበዝ! አንጀት የለሽም አይደል? አጋሮ ነይ፣ ሌላም ውሻ አለኝ።» ወደ አካኮ ዞረ። «አባ፣ ይኼንን አልተውም። በግድ ነው የምወስደው።»

ያን ደቂቃ አልረሳውም። ከሰንሰለት ላድነው ብዬ፣ ለሰንሰለት የሚሆን አድርጌ ሠርቼዋለሁ።

አካኮ «ነገ ከጁምዓ በኋላ መልስ እሰጥሃለሁ» አሉት። አጎቴ ሊበላ ገባ። እኔ የፈሰሰውን ጀንፈል ልጠርግ ስጎነበስ፣ ያ የተቀመጠበት ሲሚንቶ ላይ ክብ የደም ምልክት አየሁ።

አካኮም አይተውታል። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ ከሸንበቆው የተፈታ እጃቸውን ዘረጉ። «ኮቱ» አሉት። «እግርህን ስጠኝ።»

ያ እጃቸውን አየ። ከዚያ ተነሳ፣ ቀስ ብሎ ዞረና ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀመጠ።

አዳዳ «ጀርባ!» ብላ ልትስቅ ጀምራ አቆመች።

አካኮ ከበርጩማው ወርደው፣ ጉልበታቸው እየጮኸ፣ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። እግሩን ራሳቸው አነሱት። ከማድረቂያ አልጋው የተበጠሰ ሽቦ መዳፉ ውስጥ ገብቶ፣ ዙሪያው መግል ቋጥሯል። የዛሬ አይደለም፤ ቀናት ሆኖታል። ደብተሬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሰኞ፦ አላነሳም። ማክሰኞ፦ አላነሳም። ረቡዕ፦ አላነሳም። ሦስቱንም በቀይ አስምሬባቸዋለሁ። ድሮ ቢሆን እግሩን ጉልበታችን ላይ ጭኖ ያሳየን ነበር። የሚናገርበትን አንድ ነገር ነው የወሰድኩበት።

አካኮ ሽቦውን በጉጠት ሲነቅሉት ያ አንዴ ብቻ ጮኸ። ደሙም መግሉም እጃቸው ላይ ፈሰሰ። ተነስተው ወደ ቧንቧው ሄዱ።

«አካኮ፣ ውስጥ ነው እኮ—»

«ዝም በይ። ማንቆርቆሪያ አምጪ።»

በአፈር አሹ፣ አፈሰስኩ። ያ ከሩቅ ቆሞ ያያል። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አራተኛው ላይ ተናገሩ።

«እግሩን እንዲያወርድ አስተማርሽው። ደግ። ካወረደ በኋላ ምን ሰጠሽው?»

«ምንም።»

አምስተኛ። ስድስተኛ።

«ሲለምን ከለከልሽው፤ ልክ ነው። ሳይለምን ቁጭ ሲልስ ማን ነገረው ልክ መሆኑን?»

ሰባተኛውን ሳፈስ ግማሹ ጫማቸው ላይ ሄደ።

በማግሥቱ ነው እንግዲህ «አጋሮ አይሄድም» ያሉት። አጎቴ ተከራከረ፣ አካኮ «ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ እግሩን አውርዷል፣ ይቀራል» ብቻ አሉ። አጎቴ ጀንፈሉን ጭኖ ሲሄድ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ልጅቷንስ አትሰጡኝም?» ብሎ ሙድ ያዘብኝ። አዳዳ «ለእሷማ አንገቷ የሚበቃ ሰንሰለት የለህም» አለችው።

አሁን ሌላ ሕግ አለ፤ ያወጡት አካኮ ናቸው። እግሩን ካነሳ አሁንም ጀርባ ነው። አራቱም እግሩ መሬት ላይ ሆኖ ቁጭ ካለ ግን እኛ ቀድመን ሰላም እንለዋለን፣ ሳይጠይቅ። መጀመሪያ አንገቱን ስነካው ደንግጦ ተኛ። አዳዳ እስከዛሬ በእጇ አትነካውም፤ በመጥረጊያው እጀታ ጀርባውን ታክለታለች፣ «ደረቅ ነው፣ ምንም አይለኝም» እያለች። ሁለተኛ ባልሽስ ስላት በዚያው እጀታ ታባርረኛለች። አካኮ ደግሞ በርጩማቸውን ቧንቧው አጠገብ አውጥተው፣ ምንም ሳይነካቸው፣ ለዙህር ሲታጠቡ ያወሩለታል። ያ ከሁለት እርምጃ ላይ ቁጭ ብሎ አንገቱን ያዘነብላል።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰም። እጅ ሲዘረጋለት አሁንም ጀርባውን ይሰጣል። ትናንት ይህን ጽሑፍ ለአካኮ ሳነብላቸው እዚህ ጋ አስቆሙኝ። «ለሚያነቡት ንገሪያቸው» አሉ። «ይምጡ። እኛን አያምነንም፤ አዲስ ሰው ያስፈልገዋል።»

እና ኑ። ጊንጆ ጉዱሩ፣ አረንጓዴ በር፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሁላችንም አለን። «ጀርባ!» ብዬ አልጮህባችሁም። እጃችሁን አትዘርጉለት፤ ቁጭ ሲል ጠብቃችሁ እናንተ ቅደሙት። ዝናብ ከሆነና ከነካችሁ ደግሞ አትጨነቁ፤ ቧንቧው አጠገብ በቆርቆሮ ቀይ አፈር አለ። ማንቆርቆሪያውን እኔ እይዝላችኋለሁ፣ እስከ ሰባተኛው ድረስ፤ እናንተ እያወራችሁ ታጠቡ፣ እሱ ይሰማል።